ብዙ ካዝና፣ አንድ ዕቅድ፦ ሂውስተን ቤት አልባነትን የቀነሰችበት አሠራር (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ በአጭሩ

በቴክሳስ ግዛት የምትገኘው ሂውስተን በሕዝብ ብዛት ከአሜሪካ ከተሞች አራተኛዋ ናት። በ2011 በተካሄደው የአንድ ሌሊት ቆጠራ፣ በከተማዋና በዙሪያዋ በመጠለያ ወይም በጎዳና ያደሩ ከ8,400 በላይ ሰዎች ተመዝግበው ነበር። በ2024 ቆጠራ ቁጥሩ ወደ 3,300 ወርዷል። በመካከሉ የአካባቢው ሕዝብ ጨምሯል፤ በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ከተማዋን አጥለቅልቋታል፤ ኮቪድም መጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሂውስተን ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው «መጀመሪያ ቤት» የሚባለው መርህ ነው፤ ሰውየው መጠጥ እስኪያቆም ወይም ሥራ እስኪይዝ ሳይጠበቅ ቤት ይግባ፣ ሌላው ድጋፍ እዚያው ይከተለው የሚል። መርሁ ግን ያኔም በብዙ ከተሞች የታወቀ ነበር። ሂውስተንን ከሌሎቹ የለየው ቀጣዩ ብር የት ይዋል፣ ቀጣዩ ባዶ ቤት ለማን ይሰጥ የሚለውን ውሳኔ ከየድርጅቱ ጠረጴዛ አንስታ ወደ አንድ ዕቅድ ማምጣቷ ነው። ይህ ጥናት የሚከተለው ያንን ክር ነው።

ከ2011 በፊት የነበረው ሁኔታ

አሜሪካ ውስጥ ለቤት አልባነት የሚውለው ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ከፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስቴር ነው፤ በምህጻሩ ኸድ ይባላል። ኸድ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገንዘቡን የሚሰጠው በየአካባቢው «ኮንቲኒዩም ኦፍ ኬር» ለሚባል ኅብረት ነው። በአካባቢው ያሉ ድርጅቶች፣ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችና በጎ አድራጊዎች ተሰባስበው አንድ የጋራ ማመልከቻ ያስገባሉ። በ2009 የወጣው ሕግና በ2012 የተከተለው መመሪያ ይህን ግዴታ አጠበቁት። ኅብረቱ መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው፣ ቦርዱ ውስጥ ቤት አልባነትን የኖረ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲቀመጥ፣ ሁሉም በአንድ የመረጃ ቋት እንዲመዘግብ ያዝዛሉ።

ወረቀቱ ይህን ይበል እንጂ በብዙ ከተሞች ቅንጅቱ ማመልከቻው ከሚገባበት ሳምንት አያልፍም። ሂውስተንም እንዲሁ ነበረች። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ፕሮፖዛል ይጽፋል፣ የራሱን መስፈርት ያወጣል፣ የራሱን የተጠባባቂ መዝገብ ይይዛል። ባዶ ቤት ያለው ድርጅት የሚያስገባው ለአስተዳደር የሚቀለውን ሰው ነው። በጣም የታመመውና ለዓመታት ጎዳና ላይ የቆየው ሰው በአምስት ቦታ ተመዝግቦ በአምስቱም መጨረሻ ላይ ይገኛል። ጎዳና ላይ የወደቀ አንድ የቀድሞ ወታደር ድጋፍ ያለው ቋሚ መኖሪያ (ኪራዩ የሚደጎምና ማኅበራዊ ሠራተኛ የሚከታተለው ቤት) ለማግኘት 76 የቢሮ እርከኖችን ማለፍና 720 ቀን ያህል መጠበቅ ነበረበት።

ኸድ ሂውስተንን ልዩ የቴክኒክ ድጋፍ ከሚያገኙ ቅድሚያ የተሰጣቸው ከተሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባት። ለሥራው መነሻ የሆነው ይህ ምደባ ነበር። እርከኖቹ አንድ በአንድ ሲደረደሩ፣ ማንም ድርጅት ብቻውን የማያየው ሙሉ ሰንሰለት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ማን ይወስን?

በ2012 ገንዘብ ሰጪዎች፣ የከተማው አስተዳደር፣ ሂውስተን የምትገኝበት የሀሪስ ካውንቲ አስተዳደር፣ የኪራይ ድጎማ የሚያከፋፍሉት የቤቶች ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶችና አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች በአንድ የዕቅድ ጉባኤ ተሰበሰቡ። ከዚያ የወጣው ዋናው ነገር ቁጥር ነበር፤ 2,500 ድጋፍ ያላቸው ቋሚ መኖሪያ ቤቶች። ይህ ቁጥር ከዚያ በኋላ ለሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ መለኪያ ሆነ፤ አዲስ ፕሮጀክት ይዞ የሚመጣ ሁሉ «ከ2,500ው ስንቱን ትሸፍናለህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

የማስተባበሩ ሥራ የተሰጠው ነባር ለሆነ አንድ የኅብረት ድርጅት ነው። ከከንቲባዋ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ልዩ ረዳት ተመደበ። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር። አስተባባሪው ድርጅት መረጃውንና ማመልከቻውን ይይዛል፤ ነገር ግን ለቤቶች ባለሥልጣን ኃላፊ ደውሎ «ይህን ያህል ቫውቸር (የኪራይ ድጎማ ሰነድ) ለይተህ አስቀምጥ» የማለት ጉልበት ያለው የከንቲባ ቢሮ ነው። ከንቲባ ሲቀየር ሥራው እንዳይበተን የሚያደርገው ደግሞ ድርጅቱ ነው፤ ከ2011 ወዲህ ሂውስተን ሦስት ከንቲባዎችን አይታ መዋቅሩ ሳይፈርስ ቆይቷል።

የጥቅም ግጭት ሕጉም እዚህ ላይ ይጠቅማል። የቦርድ አባል የሆነ ሰው የራሱ ድርጅት ስለሚያገኘው ገንዘብ በሚደረግ ውይይትም ሆነ ድምፅ አይሳተፍም። ይህ ደንብ በብዙ ቦታ በወረቀት ይቀራል። ገንዘብ የሚቀበሉት ራሳቸው ገንዘብ የሚያከፋፍሉበት ኅብረት ማንንም አይቀንስም፤ ሁሉም የአምናውን ያህል ይዞ ይወጣል።

ገንዘቡ እንዴት ተሰለፈ

አንድ ድጋፍ ያለው ቋሚ መኖሪያ ሦስት ዓይነት ገንዘብ ይፈልጋል፦ ለግንባታ ወይም ለእድሳት፣ ለወር ኪራይ፣ ለአገልግሎት (ጉዳዩን የሚከታተል ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ሕክምና፣ የሱስ ድጋፍ)። ሦስቱ ከተለያየ ካዝና ይመጣሉ፣ የተለያየ ሕግ አላቸው፣ የበጀት ዓመታቸውም አይገጥምም። የግንባታው ከከተማው የፌዴራል የቤት ልማት ድጎማና ከግብር ቅናሽ ፕሮግራም ይመጣል። ኪራዩ ከኮንቲኒዩም ገንዘብ፣ ከቤቶች ባለሥልጣን ቫውቸር ወይም ለቀድሞ ወታደሮች ከተለየው ቫውቸር ይሸፈናል። አገልግሎቱ ግን የተረጋጋ ምንጭ የለውም፤ ከእያንዳንዱ ካዝና እየተቆነጠረ ነው የሚሞላው።

ካዝናዎቹን ወደ አንድ ሒሳብ ማስገባት አይቻልም፤ የፌዴራል ሕግ አይፈቅድም። የሚቻለው ማሰለፍ ነው። እያንዳንዱ ገንዘብ ሰጪ ገንዘቡን በራሱ እጅ ይዞ፣ በተስማሙበት ዝርዝር መሠረት የድርሻውን ያወጣል። ለዚህ ሥራ የየካዝናውን ጣሪያ ማወቅ ግድ ነው። ለምሳሌ ለአስቸኳይ መፍትሔ የሚሰጠው ድጎማ ላይ ለመጠለያና ለጎዳና ላይ ሥራ የሚውለው በመሠረቱ ከ60 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ የተረፈው ለመከላከልና ለፈጣን የኪራይ ድጋፍ ነው። ለማኅበረሰብ ልማት ከሚሰጠው ድጎማ ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውለው በ15 በመቶ የተገደበ ነው። የኮንቲኒዩም ገንዘብ ደግሞ፣ ቤት ለመከራየት በሚል ርዕስ ከተያዘው በቀር፣ ከሌላ ምንጭ 25 በመቶ ተጓዳኝ መዋጮ ይጠይቃል፤ በጥሬ ገንዘብ ወይም በዓይነት።

በቁጥር እንየው። ይህ የማስያ ምሳሌ ነው፣ የሂውስተን ሒሳብ አይደለም። 100 አፓርታማ፣ የእያንዳንዱ ኪራይ በወር 1,000 ዶላር ይሁን። ተከራዩ ያለው ገቢ የአካል ጉዳት ድጎማ ብቻ ነው እንበል፤ በ2024 ይህ ድጎማ ለአንድ ሰው በወር 943 ዶላር ነበር። ተከራዩ የሚከፍለው ከገቢው 30 በመቶውን ነው፤ ተቀናሽ ሳይታሰብ 283 ዶላር ገደማ። የቀረው 717 ዶላር ከድጎማ ይሟላል። ለመቶው ቤት በዓመት 860,400 ዶላር ማለት ነው። በዚህ ላይ የ25 በመቶው መዋጮ 215,100 ዶላር ይሆናል። አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ 20 ሰው ቢይዝ አምስት ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ የእነሱን ደመወዝ በተጓዳኝ መዋጮነት የሚያቀርብ ገንዘብ ሰጪ ከተገኘ ሁለቱ ችግር ባንድ ይፈታል። የከተማ ዕቅድ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፦ ኪራዩ ይጸድቃል፣ መዋጮው ግን «በኋላ ይገኛል» ተብሎ ይታለፋል። ውል ሲፈረም መዋጮውን የሚያረጋግጠው ደብዳቤ ካልቀረበ ገንዘቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሌላው ከባድ እርምጃ ማዘዋወር ነበር። ኸድ በየዓመቱ ውድድር ሲከፍት እያንዳንዱ አካባቢ ፕሮጀክቶቹን በደረጃ እንዲያስቀምጥ ያዝዛል። ከላይ ያሉት በአንጻሩ አስተማማኝ ናቸው፤ ከታች ያሉት ከመላ አገሪቱ ጋር ይወዳደራሉ። አካባቢው ደካማ ከሚላቸው ፕሮጀክቶች ገንዘብ ወስዶ ለአዲስ ፕሮጀክት መስጠትም ይችላል። ሂውስተን በዚህ መንገድ እስከ 24 ወር ብቻ የሚያስተናግዱትን የመሸጋገሪያ መኖሪያዎች እየቀነሰች ገንዘቡን ወደ ቋሚ መኖሪያ አዞረች። ለዓመታት ያንን ሲሠሩ የነበሩ ድርጅቶች ከፊሎቹ ሥራቸውን ቀየሩ፣ ከፊሎቹ የፌዴራሉን ገንዘብ አጡ። ቅሬታው ቀላል አልነበረም። ውሳኔው እንዲጸና ያደረገው ደረጃ የሚወጣበት መስፈርት አስቀድሞ በጽሑፍ መውጣቱና መረጃው ከጋራው ቋት መወሰዱ ነው፦ ስንት ሰው ወደ ቋሚ ቤት ወጣ፣ ስንቱ ተመልሶ ጎዳና ወረደ፣ ስንት አልጋ ባዶ አደረ።

አንድ የመግቢያ በር

በ2014 የተቀናጀ ቅበላ ተጀመረ። ሰውየው በየትኛውም በር ይግባ፣ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ መልሱ ወደ ጋራው ቋት ይገባል፤ የሚመደብለትም በተጋላጭነቱ ደረጃ ነው። ባዶ ቤት ያለው ድርጅት ቤቱን ያሳውቃል፣ ተከራዩን ግን አይመርጥም። የተመደበለትን ሰው ካልተቀበለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል።

ቅበላው ብቻውን ቤት አይሆንም። የቤት አቅርቦት ሳይኖር የተቀናጀ ቅበላ የጀመሩ ከተሞች ያገኙት የተሻለ የሚመስል ረጅም ሰልፍ ነው። ሂውስተን ቤቶቹን ማሰለፍ የጀመረችው ሰልፉን ከማዋሃዷ በፊት ነበር፤ ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል። የመመዘኛ ጥያቄዎቹም ሁልጊዜ መፈተሽ አለባቸው። በአገሪቱ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ቪአይ-ስፕዳት የተባለው መጠይቅ ጥቁር አሜሪካውያንን ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጣል የሚል ትችት ሲበዛበት፣ ያዘጋጁት ራሳቸው በ2020 መጨረሻ ከሥራ እንደሚያስወጡት አስታወቁ።

ከስም ጥሪ እስከ ቁልፍ

ስሙ ከወጣ በኋላ ሰውየው ቁልፍ እስኪይዝ ያለው ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠፋበት ነው። ስልኩ ይሰረቃል፣ ድንኳኑ ይነሳል፣ ይታሰራል፣ ሆስፒታል ይገባል። ስለዚህ የሚያጓትቱት ነገሮች አንድ በአንድ ተለይተው ወደ ፊት መጎተት ነበረባቸው።

የመጀመሪያው ሰነድ ነው። መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ማረጋገጫ፤ በተጨማሪ ለ12 ወራት በተከታታይ፣ ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ ሆኖ በድምሩ ለ12 ወራት፣ ቤት አልባ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ። ከ90 ቀን ያነሰ የሆስፒታል ወይም የእስር ቆይታ ይህን ቆጠራ አያቋርጥም፤ ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ብቁ የሆነውን ሰው ውድቅ ያደርገዋል። ሰነዱ መሰብሰብ ያለበት ስሙ እስኪወጣ ሳይጠበቅ፣ ጎዳና ላይ ከሚደረገው የመጀመሪያ ምዝገባ ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው አከራዩ ነው። ባለቤቶች የሚሸሹት የተከራዩን ሁኔታ ብቻ ፈርተው አይደለም፤ የድርጅቶቹን ዘገምተኛ አከፋፈልም ያውቁታል። በየድርጅቱ ሠራተኛ እየዞረ ለአንድ አከራይ አሥር ጊዜ ከሚደውል፣ አከራዮችን የሚያነጋግር አንድ የጋራ ቡድን ማቋቋም ይሻላል፤ ሂውስተንም ይህንኑ አደረገች። ሕጉ የሚሰጠውን መሣሪያ ማወቅም ይጠቅማል። በኮንቲኒዩም የኪራይ ድጋፍ እስከ ሁለት ወር ኪራይ ማስያዣ መክፈል ይቻላል፤ ተከራዩ ሲለቅ ለጉዳት ማካካሻ እስከ አንድ ወር ኪራይ ይፈቀዳል፤ ቤቱ በድንገት ባዶ ቢሆን እስከ 30 ቀን መክፈል ይቻላል፤ ተከራዩ ሆስፒታል ቢገባ እስከ 90 ቀን ቤቱ እንደተለቀቀ አይቆጠርም። አንድ አከራይ እነዚህን አራት ነጥቦች በአንድ ገጽ ተጽፈው ሲያይ ንግግሩ ይለወጣል።

ሦስተኛው የቤት ፍተሻ ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት ቤቱ ደረጃውን ማሟላቱ ይረጋገጣል። ፈታሹ በሁለት ሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ አከራዩ ቤቱን ለሌላ ያከራያል። ፍተሻ የሚያልፍና በእጅ የተያዘ ባዶ ቤት አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ከዚያ ሰው መመደብ ይሻላል።

ለቀድሞ ወታደሮች የተካሄደው ዘመቻ የዚህ ሁሉ መሞከሪያ ሆነ። የራሳቸው ቫውቸር፣ የራሳቸው የሕክምና ሥርዓት ስላላቸው ሦስቱ ካዝናዎች በአንጻሩ ቅርብ ነበሩ። በሰኔ 2015 ሂውስተን የቀድሞ ወታደሮች ቤት አልባነት በተግባር እንዳበቃ አስታወቀች፤ በሦስት ዓመት ገደማ 3,650 ያህሉ ቤት ገብተው ነበር። ማንም ጎዳና ላይ የለም ማለት ሳይሆን፣ አዲስ የወደቀውን ቶሎ የሚያነሳ አቅም አለ ማለት ነው። 720 ቀን የነበረው የመጠበቂያ ጊዜ በ2022 ወደ 32 ቀን ወርዶ ነበር።

ኮቪድና የአንድ ጊዜ ገንዘብ

ወረርሽኙ ሲመጣ ብዙ ከተሞች የፌዴራሉን የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ለሆቴልና ለጊዜያዊ መጠለያ አዋሉት። ሂውስተንና ሀሪስ ካውንቲ በ2020 አጋማሽ በጋራ 65 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ፕሮግራም ከፍተው ሰዎችን በቀጥታ ወደ ኪራይ ቤት ማስገባት ያዙ፤ በጥር 2022 የ100 ሚሊዮን ዶላር ሁለተኛ ምዕራፍ ጨመሩ። ይህን በፍጥነት ያስቻለው መዋቅሩ ከወረርሽኙ ስምንት ዓመት ቀድሞ መዘርጋቱ ነው። ዕቅዱ፣ ሰልፉ፣ የአከራይ ቡድኑ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጎደለው ገንዘብ ነበር።

የድንኳን ሰፈሮች አዘጋግም ተቀየረ። በ2017 ከተማዋ ድንኳን መትከልን የሚከለክል ደንብ አውጥታ ወደ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር አስነስታ ነበር። በአዲሱ አሠራር ቡድኑ ለሳምንታት እየተመላለሰ እያንዳንዱን ነዋሪ ይመዘግባል፣ ሰነድ ያሟላል፣ ቤት ያዘጋጃል፤ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ቦታው ይጸዳል፣ ይታጠራል። መርሁ ቤት ያልተዘጋጀለት ሰፈር እንዳይነካ ነበር። ተራው እስኪደርስ ያለው ትዕግሥት ለጎረቤቱም ለፖለቲከኛውም ከባድ ነው፤ ሆኖም ባዶ ቤት ሳይያዝ የተነሳ ድንኳን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይተከላል።

ያልሠራውና ያልተፈታው

ከሁሉ የከበደው የአገልግሎት ገንዘብ ነው። ቴክሳስ ሜዲኬይድን (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) ስላላሰፋች፣ ልጅ የሌለውና አካል ጉዳቱ ገና ያልጸደቀለት ጎልማሳ በአብዛኛው የጤና መድን የለውም። ለተወሰኑ ዓመታት ክፍተቱ በሜዲኬይድ ልዩ ፈቃድ በተገኘ ገንዘብ ተሸፍኖ ነበር፤ ያ የገንዘብ መስመር በ2021 ተዘጋ። ማኅበራዊ ሠራተኛ ሲጎድል ኪራዩ ይከፈላል፣ ቤቱ ግን ይጠፋል፤ ቀድሞ የሚታየው ምልክት የጎረቤት አቤቱታ ነው።

ሁለተኛው የገንዘቡ ባሕርይ ነው። የወረርሽኙ ገንዘብ ማብቂያ ቀን ነበረው፦ ለአስቸኳይ መፍትሔ የተሰጠው ልዩ ድጎማ እስከ መስከረም 2023፣ የ2021ዱ የማገገሚያ ገንዘብ እስከ 2024 መጨረሻ በውል መያዝ፣ እስከ 2026 መጨረሻ ማለቅ ነበረበት። ኪራይ ግን ማብቂያ የለውም። አቅም ላነሳቸው ተከራዮች እስከ 24 ወር የሚቆየው ፈጣን የኪራይ ድጋፍ ወደ ቋሚ ድጋፍ መሻገሪያ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ቋሚው ቫውቸር ግን በዚያው ፍጥነት አልመጣም። ከተማዋ ከራሷ ታክስ የምታወጣው ገንዘብ ትንሽ ሆኖ መቆየቱም ያኔ ጎልቶ ወጣ። በ2024 መጨረሻ ከተማዋ የጎዳና ላይ ቤት አልባነትን ለማብቃት በዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስፈልግ ስታስታውቅ የምንጩ ጥያቄ ገና ክፍት ነበር።

የቆጠራው ቁጥርም በልኩ ይነበብ። የአንድ ሌሊት ቆጠራ ዘመድ ቤት ተደርበው የሚኖሩትን አያካትትም። ከ2022 ወዲህም ቁጥሩ ከመቀነስ ይልቅ በቦታው ቆሟል፤ ስንት ሰው ቤት ቢገባ ያንኑ ያህል አዲስ ሰው ይወድቃል። መከላከል በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዘግይቶ የመጣ ሥራ ነው።

ሌላ ከተማ ምን ይውሰድ

ሂውስተን ባህላዊው የመሬት አጠቃቀም ክፍፍል ሕግ የላትም፤ አፓርታማ መሥራት ይቀላል፣ ኪራዩም ከካሊፎርኒያ ከተሞች በእጅጉ ያነሰ ነው። ይህን መገልበጥ አይቻልም። ኪራይ እጥፍ በሆነበት ከተማ ያው ገንዘብ ግማሽ ሰው ነው የሚያስገባው፤ ዕቅዱ ከዚያ መነሳት አለበት።

መወሰድ የሚችለው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ አሁን ያለው ሰንሰለት ከጎዳና እስከ ቁልፍ በሙሉ ይጻፍ፤ እያንዳንዱ እርከን ስንት ቀን እንደሚወስድና ማን እንደሚያዝዝበት ይታወቅ። ቀጥሎ የሚያስፈልገው የቤት ብዛት በዓይነቱ ይቆጠር፤ ገንዘብ ሰጪዎች በሙሉ በዚያ ቁጥር ይፈርሙ። የሥልጣኑ ባለቤት፣ ከንቲባም ይሁን ሌላ፣ ስብሰባ ከመክፈት ያለፈ ሚና ይኑረው፤ የቤቶች ባለሥልጣኑ ቫውቸር የሚለይበት ውሳኔ ከሱ ቢሮ ካልወጣ ከየትም አይወጣም። የነባር ፕሮጀክቶችን ገንዘብ ማዘዋወር ከተፈለገ መስፈርቱ ከውድድሩ ቢያንስ አንድ ዙር ቀድሞ ይታወጅ፣ ድርጅቶች የሚቀየሩበት ጊዜ ያግኙ።

የአንድ ጊዜ ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ በመጀመሪያ ሊውል የሚገባው አንዴ ለሚከፈሉ ነገሮች ነው፦ ሕንፃ መግዛት፣ እድሳት፣ ማስያዣ፣ የቤት ዕቃ፣ የመረጃ ቋት። ለኪራይ መዋሉ ግድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሦስት ነገር የያዘ ሰንጠረዥ ይዘጋጅ፦ ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን፣ ከዚያ በኋላ ኪራዩን የሚሸፍነው ምንጭ፣ ዝውውሩን የሚያጸድቀው ሰው። ሁለተኛው ዓምድ ማብቂያው ስድስት ወር እስኪቀረው ባዶ ከሆነ አዲስ ሰው በዚያ ገንዘብ አይገባም፤ የሚለቀቀው ቀጣይ ቫውቸርም መጀመሪያ ለዚያ ቤተሰብ ይያዛል።